ጥጋብ የማያውቁት የባር ሃርበር አይጦች

በጥቅምት ወር 1947 በአሜሪካ ሰሜን ምሥራቅ ጠረፍ፣ በሜይን ግዛት፣ ምድሩ ደርቆ እንደ ገለባ ሆኖ ነበር። በማውንት ዴዘርት ደሴት ላይ የተነሣ ሰደድ እሳት ለቀናት ሲጨስ ከቆየ በኋላ ነፋስ አግኝቶ ወደ ባር ሃርበር ከተማ ዞረ። ሀብታሞች በጋቸውን የሚያሳልፉባቸውን ትልልቅ ቤቶች አንድ በአንድ በላ፤ ወደ 7,000 ሄክታር የሚጠጋ መሬትም አመድ አደረገ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከተቃጠሉት ሕንፃዎች አንዱ ጃክሰን ላቦራቶሪ ነበር። ክላረንስ ኩክ ሊትል የተባለው የዘር ተመራማሪ በ1929 ከዲትሮይት መኪና አምራቾች ባገኘው ገንዘብ ያቋቋመው ይህ ተቋም ዋና ሀብቱ አይጥ ነበር። እንዲያው ተራ አይጥም አይደለም። ወንድምና እህት እየተዳቀሉ፣ ትውልድ በትውልድ ላይ እየተደራረበ፣ በመጨረሻ እንደ መንትያ የሚመሳሰሉ አይጦች ናቸው። በአንዱ ላይ የተገኘ ውጤት በሌላውም ላይ እንዲገኝ የሚያስችለው ይህ ነው። እሳቱ በአንድ ሌሊት በአሥር ሺህ የሚቆጠሩትን ፈጀ።

ደግነቱ ላቦራቶሪው አይጦቹን ለዓመታት ለሌሎች ተመራማሪዎች ሲያከፋፍል ኖሯል። አሁን ተቀባዮቹ ከያሉበት ዘሩን መልሰው ላኩ። አይጦቹ እንደገና ተባዙ፣ ቤቱም እንደገና ተሠራ። በዚያ እንደ አዲስ በተጀመረ ርቢ ውስጥ፣ በ1949 በጋ፣ አንድ እንግዳ ነገር ታየ። ከእናታቸው ጡት ከተላቀቁ ጥቂት ሳምንት ያልሞላቸው አንዳንድ አይጦች ክብ እየሆኑ መጡ። ሲበሉ አይጠግቡም፤ ሲያድጉ ከወንድሞቻቸው ሦስት እጥፍ ይመዝናሉ፤ አይወልዱም። አን ኢንጋልስ፣ ማርጋሬት ዲኪና ጆርጅ ስኔል በ1950 ነገሩን አሳተሙ፦ ውፍረቱ ከአንድ ዘረመል ብልሽት የመጣ ነው፤ የሚታየውም ብልሽቱን ከእናትም ከአባትም በወረሱት ላይ ብቻ ነው። በእንግሊዝኛ «ወፍራም» ከሚለው ቃል የመጀመሪያዎቹን ሁለት ፊደላት ወስደው «ኦቢ» አሉት።

ያች አጭር ጽሑፍ የያዘችው ጥያቄ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ለመረዳት ሰው ስለ ሆዱ የሚናገረውን ማስታወስ ይበቃል። በአማርኛ «ሆዳም» የሚለው ቃል ብዙ የሚበላን ሰው ብቻ አይገልጽም። ከሃዲውንም፣ ለጥቅም ያደረውንም፣ ራሱን የማይገዛውንም ይሰድባል። በሌሎች ቋንቋዎችም ነገሩ ያው ነው፤ ከመጠን በላይ መብላት የጠባይ ጉድለት ሆኖ ኖሯል። የሃይማኖት አባት ገሥጸዋል፤ ሐኪምም «አፍህን ዝጋ» ብሎ አሰናብቷል። ታዲያ አንዲት አይጥ በአንድ ዘረመል ምክንያት ልጓም አጥታ ከበላች ጠባይ የምንለው ነገር የት ላይ ይጀምራል?

ሐኪሞች ወደ ጭንቅላት መመልከት የጀመሩት ከዚያ ግማሽ ምዕተ ዓመት ቀደም ብሎ ነው። በ1901 በቪየና አልፍሬድ ፍሮይሊሽ የተባለ ወጣት ሐኪም የ14 ዓመት ልጅ ታሪክ ጻፈ። ልጁ ራስ ምታት ያሠቃየዋል፤ ዓይኑ እየደከመ ነው፤ በፍጥነት ወፍሯል፤ የጉርምስና ምልክትም አልታየበትም። ከአንጎሉ ሥር፣ በፒቱታሪ እጢ አካባቢ፣ ዕባጭ ነበረበት። ፍሮይሊሽ ያጠፋው እጢው ነው አለ። ከሦስት ዓመት በኋላ እዚያው ቪየና ያኮብ ኤርድሃይም የሌሎች በሽተኞችን አስከሬን መርምሮ ተቃወመው። ዕባጩ የሚጎዳው ከእጢው በላይ ያለውን የአንጎል ወለል ነው፤ ያወፈራቸውም እሱ ነው አለ። ያ የአንጎል ወለል ዛሬ ሃይፖታላመስ የምንለው ነው። በሰው ላይ የአውራ ጣት ጫፍ የማያክል፣ 4 ግራም ገደማ የሚመዝን ሥጋ ነው።

ክርክሩን የቋጩት የአሜሪካ ተመራማሪዎች ናቸው። በ1940 ሄዘሪንግተንና ራንሰን የአይጦችን ፒቱታሪ ሳይነኩ የሃይፖታላመስን መካከለኛ ክፍል በቀጭን ኤሌክትሪክ መርፌ ሲያቃጥሉ አይጦቹ እጅግ ወፈሩ። በ1951 ደግሞ ከሕንድ ለትምህርት የሄደው ባል ክሪሻን አናንድ ከጆን ብሮቤክ ጋር በዬል ዩኒቨርሲቲ የዚያኑ ክፍል ጎንና ጎን ጎዳ፤ እነዚህኞቹ አይጦች ምግብ ፊታቸው ተቀምጦ በረሃብ ሞቱ። እንግዲህ ረሃብና ጥጋብ አንጎል ውስጥ ስፍራ አላቸው ማለት ነው።

ስፍራው ታወቀ፤ ግን ያ ስፍራ ሰውነቱ ምን ያህል ስብ እንዳለው በምን ያውቃል? በ1953 እንግሊዛዊው ጎርደን ኬኔዲ ስቡ ራሱ በደም በኩል መልእክት ይልካል የሚል ሐሳብ አቀረበ። በ1959 ሌላው እንግሊዛዊ ሄርቬይ ሁለት አይጦችን ጎን ለጎን ሰፍቶ ደማቸውን አገናኘና የአንዱን ሃይፖታላመስ ጎዳ። ጉዳት የደረሰበት እየበላ ሲወፍር ጤነኛው ጓደኛው መብላት እያቆመ ከሳ። የሆነ ነገር ከወፍራሙ ደም ወደ ቀጭኑ እየተሻገረ «በቃህ» ይለው ነበር። ያ ነገር ምን እንደሆነ ማንም አላየውም።

ታሪኩ ወደ ባር ሃርበር የሚመለሰው እዚህ ላይ ነው።

ዳግላስ ኮልማን ካናዳዊ ነው፤ በኦንታሪዮ፣ በስትራትፎርድ፣ በ1931 ተወለደ። ባዮኬሚስትሪ አጥንቶ በ1958 ጃክሰን ላቦራቶሪ ሲገባ አንድ ሁለት ዓመት ቆይቼ እሄዳለሁ ብሎ ነበር። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ እዚያው ቀረ። በ1966 እሱና ባልደረቦቹ ካትሪን ሃመልና ማርጋሬት ዲኪ ሁለተኛ የወፍራም አይጥ ዘር አስተዋወቁ። ይኸኛው ከውፍረቱ ሌላ ክፉ የስኳር በሽታ ስለነበረበት «ዲቢ» ተባለ። በዓይን ሲታይ ከ«ኦቢ» አይለይም፤ ዘረመሉ ግን ፈጽሞ ሌላ ነው። የ«ኦቢ» ብልሽት በ6ኛው ክሮሞዞም፣ የ«ዲቢ» በ4ኛው ላይ ይገኛል።

ኮልማን የሄርቬይን ስፌት ተጠቀመ። ሁለት አይጦች ከትከሻ እስከ ዳሌ ቆዳቸው ይገጠማል፤ ቁስሉ ሲድን ቀጫጭን የደም ሥሮች ከአንዱ ወደ ሌላው ያድጋሉ፤ የአንዱ ደም ቀስ እያለ በሌላው ውስጥ ይዞራል። ሥራው ለእንስሳቱ ከባድ ሥቃይ ነበር፤ ይህን ሸፍኖ ውጤቱን ብቻ ማድነቅ ተገቢ አይሆንም። በመጀመሪያ «ዲቢ»ውን ከጤነኛ አይጥ ጋር ሰፋ። «ዲቢ»ው መብላቱን ቀጠለ። ጤነኛው ከሳምንት ገደማ በኋላ ሞተ። ሲመረመር በደሙ የነበረው ስኳር እንደ ጾመ እንስሳ ወርዷል፤ በጨጓራውና በአንጀቱም አንዳች ምግብ አልነበረም። በምግብ መካከል ተቀምጦ በረሃብ ነበር የሞተው።

ቀጥሎ «ኦቢ»ውን ከጤነኛ ጋር አገናኘ። አሁን ማንም አልሞተም፤ ይልቁንም ወፍራሙ «ኦቢ» አመጋገቡን ቀንሶ መክሳት ጀመረ። የቀረው ሁለቱን ወፍራሞች ማገናኘት ነው። ለዚህ ግን ብልሽቶቹ በአንድ ዓይነት ዘር ላይ መገኘት ነበረባቸው፤ ካልሆነ የአንዱ ሰውነት የሌላውን ሥጋ አይቀበልም። ዘሩን ማዘጋጀት ጊዜ ወሰደ። ውጤቱ በ1973 ታተመ፦ «ዲቢ»ው እንዳለ ቀረ፤ «ኦቢ»ው መብላት አቁሞ ከስቶ ሞተ።

ከዚህ ውጤት የሚወጣው መደምደሚያ በጣም ቀላልና ጥርት ያለ ነው። «ኦቢ» የጥጋብ መልእክት መሥራት ያቃተው ነው፤ መልእክቱ ከሌላ ሲመጣለት ግን ይሰማል። «ዲቢ» በተቃራኒው መልእክቱን ያለልክ ይሠራል፤ መስማት ግን አይችልም። አንዱ ድዳ ነው፣ ሌላው ደንቆሮ። ኮልማን ይህን ያወቀው ስለ መልእክቱ ምንነት፣ ስለ ቀለሙም ሆነ ስለ ክብደቱ አንዳች ሳያውቅ፣ ማን እንደ ሞተና ማን እንደ ተረፈ ብቻ በመቁጠር ነው። በዚህ ዘርፍ ታሪክ ከዚህ የበለጠ የአስተሳሰብ ጥራት ያለው ሥራ ማግኘት ይከብዳል።

ብዙዎች ግን አልተቀበሉትም። ውፍረት የፈቃድ ጉዳይ ነው የሚለው እምነት በሳይንቲስቶችም ዘንድ ሥር የሰደደ ነበር፤ ኮልማንም ከሃያ ዓመት በላይ ጥርጣሬን ችሎ ኖረ። መልእክተኛውን ለመያዝ የተደረገው የመጀመሪያ ፍለጋም መንገድ ሳተ። በ1979 የኖቤል ተሸላሚዋ ሮዛሊን ያሎውና ባልደረባዋ ዩጂን ስትራውስ የ«ኦቢ» አይጦች አንጎል ውስጥ ኮሌሲስቶካይኒን የተባለው ሆርሞን አነስተኛ ሆኖ አገኘነው አሉ። ሆርሞኑ በርግጥ ጥጋብን ያመጣል፤ ከአንጀትም ከአንጎልም ይገኛል፤ ስለዚህ ነገሩ የሚያሳምን መሰለ። ኋላ ግን ዘረመሉ ሲፈለግ የተገኘው በ9ኛው ክሮሞዞም ላይ ነው። የ«ኦቢ» ብልሽት ያለው በ6ኛው ነው። ሁለቱ አንድ ሊሆኑ አይችሉም።

በዚህ ስሕተት ዙሪያ ሲሠሩ ከነበሩት አንዱ ጄፍሪ ፍሪድማን የተባለ ወጣት ሐኪም ነበር። በኒውዮርክ ሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ፣ ከሕፃናት ሐኪሙ ሩዶልፍ ሌይቤል ጋር፣ ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የ«ኦቢ»ን ዘረመል ራሱን ለመያዝ ተነሡ። ዛሬ በኮምፒውተር በአንድ ቀን የሚያልቅ ፍለጋ ያኔ ስምንት ዓመት ፈጀ። ከአንድ ሺህ በላይ አይጦች ተዳቀሉ፤ የክሮሞዞሙ ክልል ከዓመት ዓመት እየጠበበ ሄደ፤ በመጨረሻ ጥቂት ዘረመሎች ብቻ ቀሩ። ከነዚያ መካከል አንዱ በስብ ውስጥ ብቻ ይሠራል።

በግንቦት 1994 በአንድ እሑድ ንጋት ፍሪድማን ብቻውን ጨለማ ክፍል ገብቶ የራጅ ፊልም አጠበ። ጥናቱ ሁለት የተለያዩ የ«ኦቢ» ዘሮችን ያካተተ ነበር። በአንደኛው ዘር ስብ ውስጥ ዘረመሉ ፈጽሞ ዝም ብሏል። በሌላኛው ከጤነኛው 20 እጥፍ ገደማ ይጮሃል፤ የሚያወጣው ትእዛዝ ግን መሐል ላይ የተቆረጠ ስለሆነ ፕሮቲኑ አይሠራም። መልእክቱ እንዳልደረሰ ያየ ሰውነት ደጋግሞ «ላክ፣ ላክ» ሲል ይታያል። ሁለቱ ብልሽቶች በአንድ ዘረመል ላይ መገጣጠማቸው ጥርጣሬን አጠፋ።

ዪዪንግ ዣንግ በመጀመሪያ ስም የተጠቀሰበት ጥናት በታኅሣሥ 1 ቀን 1994 ኔቸር መጽሔት ላይ ወጣ። ዘረመሉ 167 አሚኖ አሲድ ያለው ፕሮቲን ይሠራል፤ በሰውም ተመሳሳዩ አለ። ፍሪድማን «ቀጭን» ከሚል የግሪክ ቃል ወስዶ ሌፕቲን አለው። በሐምሌ 1995 ሦስት የምርምር ቡድኖች በአንድ ጊዜ ውጤት አወጡ፦ ሌፕቲን የተወጉ የ«ኦቢ» አይጦች በሁለት ሳምንት ውስጥ ክብደታቸው በ30 በመቶ ቀነሰ፤ «ዲቢ»ዎቹ ግን ምንም አልሆኑም። ኮልማን ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ያለው ሁሉ አንድም ሳይጎድል እውነት ሆነ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሌፕቲንን የሚቀበለው የሕዋስ ክፍል ተገኘ፤ በ«ዲቢ» የተበላሸውም እሱ ነበር። ኮልማን ያኔ ላቦራቶሪውን ከለቀቀ አራት ዓመት አልፎታል።

ስብ ከዚያ ወዲህ የተከማቸ ነዳጅ ብቻ መሆኑ ቀረ። እንደ ቆሽትና እንደ ታይሮይድ ሁሉ ሆርሞን የሚያመነጭ አካል ሆነ። የኢንሱሊንን ታሪክ የሚያስታውሱ ሁሉ ሌላ ኢንሱሊን ተገኘ ብለው ጓጉ፤ አምጀን የተባለው የመድኃኒት ኩባንያ ለሌፕቲን መብት ብቻ 20 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ።

በዚህ ሁሉ ግርግር መካከል የታሪኩ ልብ የሚነካው ክፍል በእንግሊዝ፣ በካምብሪጅ ሆነ። በ1997 የስቲቨን ኦራሂሊ ቡድን ከፓኪስታን የመጣ ቤተሰብ ልጆች የሆኑ ሁለት የአጎት ልጆችን መረመረ። ሴቷ 8 ዓመቷ ነው፤ 86 ኪሎ ትመዝናለች። ወንዱ 2 ዓመቱ ነው፤ 29 ኪሎ ይመዝናል። ሲወለዱ ክብደታቸው እንደማንኛውም ሕፃን ነበር። ደማቸው ሲመረመር ሌፕቲን የለም ማለት ይቻላል። የባር ሃርበር አይጥ ሰው ሆኖ ተገኘ። እንደነዚህ ያሉ ልጆች ምግብ ሲከለከሉ ያለቅሳሉ፣ ይጣላሉ፣ ደብቀው ይበላሉ፤ ወላጆችም «ልጃችሁን መቅጣት አቃታችሁ» ይባላሉ። ልጅቷ 9 ዓመት ሲሞላት 94.4 ኪሎ ደርሳ ነበር። ሳዳፍ ፋሩቂ የተባለችው ሐኪም በየቀኑ ሌፕቲን እንድትወጋ አደረገች፤ ልጅቷ በአንድ ዓመት 16.4 ኪሎ ቀነሰች። ሌላ የ3 ዓመት ሕፃን 42 ኪሎ ይመዝን ነበር፤ ከጥቂት ዓመታት መርፌ በኋላ፣ በ7 ዓመቱ፣ 32 ኪሎ ሆነ። በልጆቹ ፈቃድ ላይ የተጨመረ ነገር አልነበረም። የጎደለ ሆርሞን ነው የተተካው።

ለብዙኃኑ ግን ተስፋው አልሠራም። በ1996 የወፍራም ሰዎች ደም ሲለካ ሌፕቲን አልጎደለም፤ እንዲያውም ከቀጭኖቹ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ችግራቸው የ«ዲቢ»ን ይመስላል፦ መልእክቱ እየደረሰ አንጎል ይለምደዋል፣ አይሰማውም። በ1999 የወጣው ትልቅ ሙከራ ሌፕቲን ለአብዛኛው ሰው የሚያመጣው ለውጥ ጥቂት መሆኑን አረጋገጠ።

የሌፕቲን ዋና ሥራ ጥጋብን ማብሰር ነው የሚለው ግምትም ተለወጠ። በ1996 የቦስተን ተመራማሪዎች አይጦችን ለ48 ሰዓት ሲያስጾሙ ሌፕቲን ክፉኛ ወረደ፤ ከእሱም ጋር የታይሮይድና የመራቢያ ሆርሞኖች ወረዱ። ሌፕቲን እየተሰጣቸው ሲጾሙ ግን ለውጡ በአመዛኙ ቀረ። ስለዚህ ሆርሞኑ ከምንም በላይ የሚናገረው ሲጎድል ነው፦ «ስንቅ አልቋል፤ ቆጥብ፣ ምግብ ፈልግ» ይላል። ድርቅና ረሃብ እየተመላለሱ በፈተኑት ሰውነት ውስጥ ይህ ጥንቃቄ ሕይወት ያተርፋል።

በ1944 እና በ1945 በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ 36 ፈቃደኛ ወጣቶች ለስድስት ወር በግማሽ ረሃብ ሲኖሩ ከክብደታቸው ሩቡን ያህል አጥተው ነበር። ቀን ስለ ምግብ ያወራሉ፣ ሌሊት ምግብ ያልማሉ፤ አንዳንዶቹ የምግብ አሠራር መጽሐፍ መሰብሰብ ጀመሩ። ያኔ ሌፕቲን የሚባል ነገር አይታወቅም። በ2011 ደግሞ የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ለአሥር ሳምንት አመጋገብ ቀንሰው የከሱ ሰዎችን ከአንድ ዓመት በኋላ ሲለኩ ሌፕቲናቸው እንደ ወረደ፣ የረሃብ ሆርሞናቸው እንደ ጨመረ፣ የመብላት ስሜታቸውም እንደ በረታ አገኙት። ከስቶ መልሶ የወፈረን ሰው «ሰነፍ» ብሎ የሚሰድብ ይህን ቢያነብ መልካም ነው።

ያ የረሃብ ሆርሞን ግሬሊን ይባላል። በ1999 ጃፓኖቹ ኮጂማና ካንጋዋ ከአይጥ ጨጓራ ውስጥ አወጡት፤ ሆድ ባዶ ሲሆን ይጨምራል፣ ሲበላ ይቀንሳል። ግሬሊንም ሌፕቲንም የሚያመለክቱት በሃይፖታላመስ ወለል ላይ ጎን ለጎን ወዳሉ ሁለት ዓይነት ሕዋሳት ነው። አንደኛዎቹ «ብላ» ይላሉ፤ በ2011 ተመራማሪዎች እነሱን በብርሃን ሲቀሰቅሷቸው ጠግበው የነበሩ አይጦች በደቂቃዎች ውስጥ መብላት ጀመሩ። ሁለተኛዎቹ «ይበቃል» የሚል መልእክት ወደ አንድ ተቀባይ ይልካሉ። ያ ተቀባይ በሰው ላይ ሲበላሽ ምን እንደሚሆን የካምብሪጆቹ በ2003 አሳዩ፦ ከልጅነታቸው እጅግ ከወፈሩ 500 ሰዎች ወደ 6 በመቶ የሚጠጉት ብልሽቱ ነበረባቸው።

ዛሬ ስማቸው በየቤቱ የሚነሣው የማክሻ መርፌዎች የመጡት በሌላ በር፣ በአንጀት በኩል ነው። ጂኤልፒ-1 የተባለው የአንጀት ሆርሞን መጀመሪያ የተጠናው ኢንሱሊንን ስለሚያነሣሣ ነበር። በ1996 የለንደኑ ስቲቨን ብሉም ቡድን በቀጥታ አይጥ አንጎል ውስጥ ሲያስገባው አይጦቹ መብላት ቀነሱ። ሆርሞኑ በደም ውስጥ የሚቆየው ለደቂቃዎች ብቻ ስለሆነ ዕድሜውን ማራዘም ብዙ ዓመት ጠየቀ። ከዚያ የተገኘው ሴማግሉታይድ በሳምንት አንድ ጊዜ ይወጋል፤ በ2021 በአሜሪካ ለውፍረት ተፈቀደ፤ በ68 ሳምንት ሙከራም ተጠቃሚዎቹ በአማካይ 15 በመቶ ገደማ ክብደት ቀንሰዋል። መርፌው ሲቆም ግን አብዛኛው ክብደት ይመለሳል።

ኮልማን ይህን የመጨረሻውን አላየም። በ2010 ከፍሪድማን ጋር የላስከር ሽልማትን ተቀበለ፤ በጡረታው ዘመን በሜይን ቤቱ ዙሪያ ያለውን ደን ሲንከባከብ ኖሮ በሚያዝያ 2014 በ82 ዓመቱ ዐረፈ። የ«ዲቢ» አይጥ የሰው አምሳያዎች ግን በ1998 በፈረንሳይ ተገኝተው ነበር፦ የሌፕቲን ተቀባያቸው የተበላሸ፣ ለጉርምስና ያልበቁ፣ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ የሚራቡ ሦስት እህቶች። ሌፕቲን ቢወጉም አይሰሙትም። እንደነሱ ላሉ ሰዎች የሚሆን መድኃኒት በአሜሪካ የተፈቀደው በ2020 ነው። ሴትሜላኖታይድ ይባላል፤ ደንቆሮውን በር ትቶ፣ ከሱ ቀጥሎ ያለውንና «ይበቃል» የሚለውን ተቀባይ በቀጥታ ያንኳኳል።